የታመመ ሕፃን ምግብና የፋብሪካ ትርፍ፦ ስለ ፕላምፒ ነት ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ አለ። ለከባድ የምግብ እጥረት ማከሚያ የሚሰጠውንና ብዙዎቻችን ፕላምፒ ነት በሚለው የንግድ ስሙ የምናውቀውን የኦቾሎኒ ምግብ የሚያመርቱ ኩባንያዎችን፣ በተለይም የፈረንሳዩን ኑትሪሴትንና የአገራችንን ሕሊና የበለጸጉ ምግቦችን፣ በተራበ ሕፃን ላይ የሚነግዱ አድርጎ ይከሳል። ጽሑፉ በቁጣ የተጻፈ ቢሆንም በግዴለሽነት የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዳንዶቹን እኛ በሙያው ያለን ሰዎች ቀድመን ልናነሳቸው ይገባ ነበር። ይሁን እንጂ የደረሱበት ድምዳሜ በተግባር ቢተረጎም የሚጎዳው ኩባንያውን ሳይሆን ልጁን ነው ብዬ ስለማምን ይህን ምላሽ ጽፌያለሁ።

በቅድሚያ የጽሑፉን ፍሬ ነገር ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ከሕፃናት መቀጨጭ የሚያተርፍ ድርጅት መቀጨጭ እንዲቆም አይፈልግም። ሁለተኛ፣ ኑትሪሴት በፈጠራ ባለቤትነት መብቱ ድሃ አገሮች ምግቡን ራሳቸው እንዳያመርቱ አግዷል። ሦስተኛ፣ ገንፎና አጥሚት፣ ወተትና ሽሮ እያለን በእሽግ የመጣ ምግብ አያስፈልገንም። አራተኛ፣ ይህ የዱቄት ወተት ኩባንያዎች በእናት ጡት ላይ የፈጸሙት በደል ድግግሞሽ ነው። አምስተኛ፣ አገር ውስጥ ይመረታል የሚባለው ለስሙ ነው፤ ዋናው ግብዓት ከውጭ ይመጣል። በመጨረሻም ምርቱ ከአትራፊዎች እጅ ወጥቶ ለመንግሥትና ለበጎ አድራጊዎች ብቻ ይሰጥ ይላሉ።

እኔ ነርስ ነኝ። ከሁለቱም ኩባንያዎች ጋር የሥራም የጥቅምም ግንኙነት የለኝም፤ ከምርቱ ጋር ያለኝ ትውውቅ ለእናቶች ማደልና በየሳምንቱ ሕፃናትን መመዘን ብቻ ነው።

የጸሐፊውን ቅደም ተከተል ትቼ ከሦስተኛው ነጥብ እጀምራለሁ፤ ምግቡ ራሱ የማያስፈልግ ከሆነ ስለ አምራቹ መከራከር ትርጉም አይኖረውምና። እናቶቻችን በገንፎና በአጥሚት አሳድገውናል የሚለው አነጋገር ጤነኛ ልጅን በተመለከተ እውነት ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የወረደ ወይም እግሩ ያበጠ ሕፃን ግን የተራበ ጤነኛ ልጅ ሳይሆን በሽተኛ ነው። አንጀቱ ተጎድቷል፤ ሰውነቱ ውስጥ ያለው የጨውና የማዕድን ሚዛን ተዛብቷል፤ ኢንፌክሽን ቢይዘው ትኩሳት እንኳ ላያሳይ ይችላል። ለማገገም ኃይል ሰጪ ምግብ ብቻ አይበቃውም፤ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ዚንክና ፎስፈረስ በተመጠነ ልክ ማግኘት አለበት። ከእህልና ከጥራጥሬ የሚሠራ ምግብ ደግሞ ማዕድናቱን አስሮ የሚይዝ ንጥረ ነገር ስላለው የታመመው አንጀት አውጥቶ አይጠቀምባቸውም። መጠኑም ሌላ ችግር ነው። አንዱ የፕላምፒ ነት እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ይዟል፤ 6 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሕክምናው ጊዜ በቀን ከ2 እሽግ በላይ ያስፈልገዋል። ያንኑ ኃይል ከቀጭን አጥሚት እናገኝ ብንል የልጁ ሆድ የማይችለውን ያህል ማጠጣት ሊኖርብን ነው።

ጸሐፊው እሽጉ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ሕክምና አላነሱም። ያን ዘመን ላላየው አንባቢ በአጭሩ ልግለጽ። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኤፍ-100 የሚባል ሕክምናዊ ወተት ተዘጋጅቶ ብዙ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን ወተቱ በንጹሕ ውኃ መበጥበጥ ነበረበት፤ ከተበጠበጠ በኋላም ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ለእናት ሰጥቶ ወደ ቤቷ መሸኘት አይቻልም። እናት ልጇን ታቅፋ በመመገቢያ ጣቢያ ሳምንታት ትቀመጥ ነበር። እኔ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ወሎ በእንዲህ ያለ ጣቢያ ሠርቻለሁ። አንዲት እናት በአሥራ አንደኛው ቀን ልጇን አዝላ ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ለመንኳት። «ሲስተር፣ ይህን አንዱን ላድን ብዬ ቤት የተውኳቸውን ሦስቱን ልጣ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ልጁ ገና ሳይድን ሄደች። እንዲህ የሚሄዱት ጥቂት አልነበሩም። የሚቀሩትም በአንድ ድንኳን ተጠጋግተው ስለሚተኙ ከሌላው ልጅ ተቅማጥና ኩፍኝ ይይዛቸው ነበር። በ2000 በጎዴ በደረሰው ረሃብ ላይ የተደረገና በታወቀ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሞቱት ሕፃናት 22 በመቶ የሚሆኑት በኩፍኝ ወይም በኩፍኝና በመቀጨጭ ጥምረት እንደሞቱ አሳይቷል። ክትባት ሳይሰጡ የተዳከሙ ሕፃናትን በአንድ ቦታ መሰብሰብ ምን እንደሚያስከትል ከዚያ ተምረናል።

ፕላምፒ ነት የለወጠው ይህንን ነው። ፈረንሳዊው የሕፃናት ሥነ ምግብ ሐኪም አንድሬ ብሪየንና የኑትሪሴት መሥራች ሚሼል ሌስካን በ1996 የደረሱበት መፍትሔ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ የወተቱን ውኃ ትቶ ዱቄት ወተቱን፣ ስኳሩን፣ ቪታሚንና ማዕድኑን ከኦቾሎኒ ልቁጥና ከዘይት ጋር ማዋሐድ። ውኃ ስለሌለበት ተህዋስያን አይራቡበትም፤ አይበስልም፤ አይበጠበጥም፤ እሽጉ ሳይከፈት 24 ወር ይቆያል። ያ ማለት እናት የሳምንት ድርሻዋን ይዛ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች ማለት ነው። ይህ አሠራር በእርግጥ ይሠራል ወይ የሚለው ቀድሞ ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱም የእኛው ሐዲያ ነው። ከመስከረም 2000 እስከ ጥር 2001 እ.ኤ.አ. በዚያ ዞን በተመላላሽ የታከሙ 170 ሕፃናት ታሪክ ሲጠና 85 በመቶዎቹ ድነዋል፤ የሞቱት 4 በመቶ ናቸው። በአስቸኳይ ጊዜ ሕክምና ተቀባይነት ያለው የሞት ጣሪያ 10 በመቶ መሆኑን ስናስታውስ ይህ ምን ያህል ትልቅ ውጤት እንደነበር ይገባናል። ከዚህና ከመሰል ማስረጃዎች ተነሥተው የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2007 ሕክምናው በማኅበረሰብ ደረጃ እንዲሰጥ በጋራ መግለጫ ደገፉ፤ ከ2008ቱ ድርቅ ጀምሮም አሠራሩ በአገራችን በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አማካይነት እስከ ጤና ኬላ ወረደ። በ2023 ደግሞ ይህ ዓይነቱ ምግብ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። መድኃኒት ነው ማለት ነው። ገንፎ የመድኃኒት ምትክ አይደለም፤ መድኃኒቱም የገንፎ ምትክ እንዲሆን ማንም አልጠየቀም።

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው የምሰጣቸው እውነት አለ። ልጁ ከዳነ በኋላ የሚመለሰው ወደዚያው ባዶ ሞሰብ ከሆነ እንደገና ይታመማል፤ ይህንን በጤና ኬላ መዝገብ ላይ ደጋግመን አይተነዋል። እሽግ ምግብ ላም አይተካም፤ የእናት ገቢ አይሆንም፤ ምንጭ አያጎለብትም። መከላከልን በሚመለከት ጸሐፊው ስለ ቤት ምግብ የጻፉትን ሁሉ እፈርምበታለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ክስ ልመለስ። ከመቀጨጭ የሚያተርፍ መቀጨጭ እንዲቆም አይፈልግም የሚለው አነጋገር ልብን ይነካል፤ ነገር ግን የወባ መድኃኒት አምራችን፣ የዐይን ሐኪምን፣ እኔንም ደመወዝተኛዋን ነርስ በአንድነት የሚከስ ነው። ጥያቄው ሻጩ በልቡ ምን ይመኛል የሚለው አይደለም፤ ምኞቱን ወደ ሥራ የሚለውጥበት ሥልጣን አለው ወይ ነው። በዚህ ምርት ላይ ማን ታመመ የሚለውን የሚወስነው ኩባንያው ሳይሆን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በልጁ ክንድ ላይ የምታጠልቀው መለኪያ ጥብጣብ ነው። ስንት እሽግ ይሰጠው የሚለውንም ሚዛኑና ሰንጠረዡ ይወስናሉ። ገዥውም እናት አይደለችም፤ በዓለም ከሚመረተው ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚገዛው ዩኒሴፍ ነው፤ የጥራቱን መስፈርት የሚያወጣውም፣ ፋብሪካውን የሚመረምረውም እርሱው ነው። አንድ ትልቅ ገዥ ብዙ ሻጮችን በጨረታ በሚያወዳድርበት ገበያ ሻጩ እንዳሻው ዋጋ መጥራት አይችልም።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን የጸሐፊው ሥጋት እውነተኛ የሚሆንበትን ቦታ ላሳያቸው እፈልጋለሁ፤ እርሳቸው አላዩትም። ለከባድ የምግብ እጥረት የሚሰጠው ምግብ ገበያው በጥብጣቡ የታጠረ ነው። ኩባንያዎቹ ግን እዚያ አልቆሙም። ለመካከለኛ የምግብ እጥረት የሚሰጥ፣ ገና ላልታመመ ሕፃንም ለመከላከያ በቀን በማንኪያ የሚሰጥ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጥ ምርት አስከትለዋል። እዚህ ላይ አጥሩ ይላላል፤ «ሊታመም የሚችል ልጅ» የሚባለው ወሰን የለውምና። ለመከላከል የሚውለው ብር እሽግ ይገዛበት ወይስ ለቤተሰቡ ጥሬ ገንዘብ፣ ዶሮ ወይም የፍየል ወተት ይሁን የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ እሽግ ሻጩ በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጠ ፍርዱ መዛባቱ አይቀርም። ጸሐፊው በሕክምናው ላይ ያወረዱትን ቁጣ ወደዚህ ቢያዞሩት አብሬያቸው እቆማለሁ።

ከዚያው ክስ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው አትራፊ ያልሆነ ድርጅት ከጥቅም ነጻ እንደሆነ አድርገው ይጽፋሉ። በአሜሪካ ይህንኑ ምግብ በብዛት የሚያመርቱት ኤዴሲያና ማና የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ትርፍ የማይከፋፈሉ ናቸው። ኦቾሎኒውንና ወተቱን የሚገዙት ግን ከአሜሪካ ገበሬዎች ነው፤ የአገሪቱ መንግሥት ምርታቸውን የሚገዛበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በዚህ ነውር የለበትም፤ ግን ጥቅም አይደለም ማለት አይቻልም። በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በድንገት ሲቆረጥ እነዚህ ድርጅቶች የውል ማቋረጫ ደብዳቤ ደረሳቸው፤ በኋላ ውሉ ቢመለስም በዚያ መሐል የተመረተው ካርቶን በመጋዘን ተከማችቶ ቆመ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የዓለም ምግብ ፕሮግራም በገንዘብ እጦት በኢትዮጵያ የ650,000 እናቶችንና ሕፃናትን የምግብ እጥረት ሕክምና ለማቋረጥ መገደዱን አስታወቀ። ያን ጊዜ እሽጉን ከጤና ኬላው መደርደሪያ ያጠፋው የማንም ኩባንያ ትርፍ አልነበረም፤ ከሩቅ አገር የሚከፍለው ሰው ሐሳቡን ስለ ለወጠ ነው። ስለ ሻጩ ኪስ ብቻ የሚጨነቅ ጽሑፍ ከፋዩን ይዘነጋል፤ የሕፃኑ ዕጣ ግን በይበልጥ የተንጠለጠለው በከፋዩ ላይ ነው።

በሁለተኛው ነጥብ፣ በባለቤትነት መብቱ ጉዳይ፣ ጸሐፊው በአብዛኛው ልክ ናቸው። ኑትሪሴት ከፈረንሳይ የልማት ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ መብቱን በበርካታ አገሮች አስመዝግቦ ለዓመታት በጥብቅ አስከብሯል። በ2009 ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይህ አያያዝ የአቅርቦት እንቅፋት እንዳይሆን ለኩባንያው በይፋ ጽፎለታል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ብሪድላቭና ማማ ኬርስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በጎ አድራጊ ድርጅቶች መብቱን በመቃወም ዋሽንግተን ላይ ክስ መሥርተዋል። ለሚሞቱ ሕፃናት የሚሆን ምግብ አሠራር በፍርድ ቤት መከራከሪያ መሆኑ ያሳፍር ነበር፤ ዛሬም ያሳፍራል። የተቅማጥ ሕመምተኞችን ያዳነው ኦ.አር.ኤስ. ማንም ሊያመርተው የሚችል፣ ባለቤት የሌለው ዕውቀት ሆኖ ዓለምን ያዳረሰ መሆኑን ስናስብ ሌላ መንገድ እንደነበረ እንረዳለን።

ነገር ግን ታግዷል የሚለው ቃል በእኛ አገር ላይ አይሠራም። ኑትሪሴት በተለያዩ አገሮች ላሉ አምራቾች ፈቃድ እየሰጠ በመረብ አስተሳስሯቸዋል፤ በ1998 የተቋቋመውና በለገጣፎ የሚገኘው ሕሊናም ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ምግቡን ሲያመርት ቆይቷል። በማላዊም በጎ አድራጊ ድርጅት ሳይቀር ገና ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አምርቷል። በ2010 ኩባንያው በታዳጊ አገሮች የሚገኝ አምራች ቀለል ባለ ስምምነት መብቱን እንዲጠቀምበት ፈቀደ። ይህ ከቅን ልቡና ይሁን ከክሱና ከወቀሳው ግፊት እኔ አልፈርድም፤ ግፊቱ ሥራውን እንደሠራ ግን አምናለሁ። መብቱ ዘመኑ አልፎበት አሁን ዓመታት ተቆጥረዋል። ቀድሞ ኑትሪሴትን ብቻ ሲያይ የነበረው ዩኒሴፍም ዛሬ ከ20 በላይ ከሚሆኑ አምራቾች ይገዛል፤ ብዙዎቹም የምግብ እጥረት ባለባቸው አገሮች ውስጥ ወይም አጠገብ ያሉ ናቸው። ጽሑፉ የዛሬ 15 ዓመት ቢታተም ኖሮ ይህ ክፍል ከሁሉ የበረታ ይሆን ነበር፤ ዛሬ ግን ያለፈውን እንደ አሁን አድርጎ አንባቢን ያሳስታል።

የዱቄት ወተቱን ንጽጽር በአጭሩ ላልፈው። የ1970ዎቹ በደል ምን እንደነበረ እናስታውስ፦ ኩባንያዎች ሻጮቻቸውን የነርስ ልብስ አልብሰው ወደ ወሊድ ክፍል ላኩ፤ ነጻ ናሙና አደሉ፤ የእናት ጡት ሲደርቅ ድሃዋ እናት ዱቄቱን በቆሻሻ ውኃ አቅጥና ለማጠጣት ተገደደች። ከዚያ በተነሣው ቁጣ በ1981 የዓለም ጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትኮችን ሽያጭ የሚገድብ ደንብ አወጣ። ፕላምፒ ነት ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ጡት ማጥባትን አያስቆምም፤ ይልቁንም እናት አስቀድማ እንድታጠባ ይነገራታል። ውኃ አይፈልግም፤ ለእናት አይሸጥም፤ ማስታወቂያ አይነገርለትም። ተመሳሳይነቱ ሁለቱም የሕፃን ምግብ መሆናቸውና ሁለቱንም ነጋዴ መሥራቱ ብቻ ነው። ጸሐፊው በገበያ ቀን በጉልት ሲሸጥ አይቻለሁ ያሉትን ግን አልክድም፤ እኔም አይቻለሁ። ሻጩ ግን ኩባንያው አይደለም። ከመጋዘን የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጨውና ሳሙና የቸገራት እናት ናት፤ ወይም ለአንዱ የተሰጣትን ለአራቱ ያካፈለች እናት ናት። ታዲያ ልጁ ክብደት አልጨመረም ብለን እርሷን ከመገሠጻችን በፊት ለቀረው ቤተሰብ ምን ሰጠን ብለን ራሳችንን መጠየቅ ይገባናል።

አምስተኛው ነጥብ ሰፋ ያለ መልስ ይሻል፤ በዚህ ላይ የጸሐፊው መረጃ ትክክል ሆኖ ፍርዳቸው ተሳስቷልና። የዱቄት ወተቱ፣ የቪታሚንና ማዕድኑ ድብልቅ፣ ማሸጊያውም ጭምር ከውጭ እንደሚመጣ እውነት ነው። ኦቾሎኒስ? ኦቾሎኒ ከባቢሌና ከምሥራቅ ሐረርጌ ቆላዎች ሞልቶ ይመጣ የለም ወይ ይላሉ። ይመጣል፤ ችግሩ አፍላቶክሲን ነው። ይህ በዐይን የማይታይ የሻጋታ መርዝ ነው፤ ኦቾሎኒው ማሳ ላይ ድርቅ ሲመታው፣ ተለቅሞም በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች፣ ቅርፊቱን ለማላላት ውኃ ሲረጭበት ይፈጠራል፤ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ጉበትን ይጎዳል፤ የሕፃናትን እድገት ከማቀጨጭ ጋርም ተያይዞ ይጠቀሳል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ኦቾሎኒ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በብዙ ናሙና ላይ ከሚፈቀደው በላይ አግኝተውታል። ታዲያ ጉበቱ ለደከመ ሕፃን የሚሰጥ ምግብ ላይ የአገር ምርት እናበረታታ ብለን መስፈርቱን ዝቅ እናድርግ? ይህን ጸሐፊውም አይሉም። ከውጭ መግዛት ከኪሳራ በስተቀር ለአምራቹ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ሲጠብቅ ማሽኑ ይቆማል። የገበሬውን ኦቾሎኒ መስፈርቱን እንዲያሟላ ማድረግ፣ ማለትም ማድረቂያ ሸራ፣ ተስማሚ ማከማቻ፣ በየደረጃው ምርመራና ለንጹሕ ምርት የተሻለ ዋጋ መስጠት፣ የዓመታት ሥራ ነው። ይህን ሥራ ለመሥራት ምክንያት ያለው ደግሞ በአገር ውስጥ ቆሞ ኦቾሎኒ የሚገዛ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ባይኖር ኖሮ የባቢሌን ኦቾሎኒ ለአፍላቶክሲን የሚመረምር ቋሚ ገዥ ከወዴት እናመጣለን?

በተጨማሪም አገር ውስጥ የሚመረተው ብዙ ጊዜ ከውጭ ከሚመጣው ይወደዳል። ጸሐፊው ይህን የስግብግብነት ማስረጃ አድርገውታል። ምክንያቱ ግን ከላይ የዘረዘርኩት ነው፦ ግብዓቱ ባሕር ተሻግሮ፣ በጅቡቲ በኩል በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ፋብሪካው ከፈረንሳዩ ያነሰ ያመርታል፤ ለምርመራ የሚላከው ናሙናም ወጪ አለው። ለአንድ ልጅ ሙሉ ሕክምና የሚበቃው 150 እሽግ የያዘ ካርቶን በዓለም ገበያ በአብዛኛው ከ40 እስከ 60 የአሜሪካ ዶላር ያወጣል። በአገር ውስጥ ስለተመረተ የምንከፍለው ጭማሪ ምን ያህል እንደሆነና ለምን ያህል ጊዜ እንደምንከፍለው በግልጽ ሊነገረን ይገባል ቢሉ ኖሮ ፍጹም ትክክል በሆኑ ነበር። እኔ ጭማሪው ይገባል ባይ ነኝ፤ ወደብ ሲዘጋ ወይም መርከብ ሲዘገይ በለገጣፎ ያለ መጋዘን ከፈረንሳይ ወደቦች ከማርሴይ ወይም ከለ ሀቭር ይቀርበናልና። ግን የሚገባ ጭማሪ ልክ ያለው ጭማሪ ነው።

የቀረው የመፍትሔ ሐሳባቸው ነው። መንግሥትና በጎ አድራጊ ብቻ ያምርቱ የሚለው በአገራችን ያልተሞከረ ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ በስዊድን እገዛ በተቋቋመው የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ፋፋ ተሠራ። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የዱቄት ወተት የተዋሐዱበት ይህ ምግብ ብልህ የሆነ አገር በቀል ሥራ ነበር፤ እኔም በፋፋ ካደጉት አንዷ ነኝ፤ የሠሩትን ባለሙያዎች አከብራለሁ። ነገር ግን ለድሃው ገበሬ ልጅ ታስቦ የተሠራው ምግብ በአብዛኛው የተሸጠው ለከተማ ነዋሪና ለእርዳታ ድርጅት ነው። ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውምና፣ አምራቹ መንግሥታዊ መሆኑ ይህን አልለወጠውም። ወሳኙ ማን ሠራው የሚለው ሳይሆን ለልጁ ማን ከፈለለት የሚለው እንደሆነ ያን ጊዜም ታይቷል።

ጸሐፊው በመልካም ምሳሌነት የጠቀሷት ሕንድ ደግሞ በ2009 ዩኒሴፍ ያስገባውን ምግብ ተቃውማ እንዲመለስ አደረገች። የሕንድ ባለሙያዎች ያቀረቡት ምክንያት፣ ማለትም የአገር ምግብን የማክበርና ገበያን የመጠርጠር ነገር፣ ከጸሐፊው ምክንያት ጋር አንድ ነው፤ ክብርም የሚገባው ነው። ዳሩ ግን የራሷ የሕንድ ብሔራዊ የቤተሰብ ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት ውስጥ በከባድ ሁኔታ የቀጨጩት በ2015 እና 2016 7.5 በመቶ፣ ከ2019 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ደግሞ 7.7 በመቶ እንደሆኑ መዝግቧል። ምግቡ ስላልገባ ነው ቀጨጩ አልልም፤ መቀጨጭ ብዙ ምክንያት አለው። የምለው ኩባንያውን ከደጅ መመለስ በራሱ ለልጁ ምንም እንዳላመጣለት ነው።

ስለዚህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ቁጣቸውን እንዲተዉ ሳይሆን አቅጣጫውን እንዲያስተካክሉ ነው። የጨረታው ውጤትና የካርቶኑ ዋጋ በየዓመቱ ይፋ ይሁን ይበሉ። ምን ያህል ሕፃን መታከም አለበት፣ መከላከያው እሽግ ይሁን ወይስ ሌላ በሚባልበት ስብሰባ ላይ አምራች ድምፅ አይኑረው ይበሉ። አንድ አምራች ብቻ አገሪቱን እንዳይዛት ሁለተኛና ሦስተኛ ፋብሪካ ይበረታታ ይበሉ። ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ በጤና ኬላ መደርደሪያ ላይ ከሚቀመጠው ካርቶን ስንቱ በራሳችን በጀት፣ ስንቱ በባዕድ ቸርነት እንደተገዛ ጤና ሚኒስቴር በቁጥር እንዲያሳውቅ ይጠይቁ። ያንን ጥያቄ የያዘ ጽሑፍ ከጻፉ ከሚያሰራጩት ሰዎች የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።